ከመንገድ የሚታየው ካዝሚር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጅማ ገበያ የካዝሚር ችግኝ ገዝታ መጣች። ከየት እንደመጣ ሻጩን አልጠየቀችውም። «ችግኝ እኮ ነው አባዬ፣ መታወቂያ አይጠየቅም» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

በደርግ ጊዜ ሰርቦ አጠገብ በሚገኝ ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ ችግኝ አዳቅል ነበር። ብርቱካን የሚያደርቀውን ቫይረስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የብርቱካን ዘመድ በሆነው ካዝሚር ላይ ግን ያየው ሰው አልነበረም። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ቅርንጫፍ እየቆረጥን የምናዳቅልባት እናት ካዝሚራችን ቅጠል መስመሮቹ ነጡ። የእፅዋት በሽታ ባለሙያው አቶ ሰይፉ፣ «ከእሷ ቆርጠህ ጤነኛ ሎሚ ላይ አጣብቅ። በሽታው ካለ ሎሚ ቶሎ ያሳያል» አለኝ። ነፍሳት ከውጭ በሽታ እንዳያመጡ ሎሚዎቹን በአጎበር ሸፈንናቸው፤ ለማነጻጸሪያ ያልተነኩ ሎሚዎችም ጎናቸው አስቀመጥን። ዝናቡ ሲቀንስ ቅጠሎቹን ወደ ፀሐይ ይዘን አየናቸው። ያጣበቅሁባቸው መስመራቸው ነጥቷል፤ ያልተነኩት ደህና ናቸው።

ከዚያችው እናት ዛፍ የተዳቀሉት ችግኞች ግን ለአብዮት በዓል ለገበሬዎች ሊታደሉ ተዘጋጅተው ነበር። አቶ ሰይፉ ይቃጠሉ አለ። የወረዳው ካድሬ መጣ።

«ጓድ ሰይፉ፣ ካዝሚር ይታመማል የሚል መጽሐፍ አለ?»

«የለም። እስካሁን ስላልታየ ነው።»

«እንግዲያው መጽሐፉ ሲጻፍ ትነግረናለህ። የገበሬን ችግኝ ማቃጠል አሻጥር ነው።»

በዚያ ቃል ሰው ይታሰር ነበር።

«እሺ፣ ቢያንስ ከብርቱካን ርቆ ይተከል።»

«እንግዶች በመኪና ያልፋሉ። ከመንገድ መታየት አለበት።»

ችግኝ ከታደላቸው ገበሬዎች አንዱ አባ ፊጣ ነበር፤ ብርቱካኖቹ ደግሞ የቆሙት በቤቱና በመንገዱ መካከል ነው። ሽማግሌው ቤተሰቡን የሚያኖረው በእነሱ ነበር። ችግኙ በሽተኛ ነው፣ ጓሮ ትከለው ብዬ ሄጄ ነገርኩት።

«ማል ጎና፣ ምን እናድርግ ልጄ» አለኝ። «በሰው ፊት አጨብጭቤ የተቀበልኩትን ጓሮ ብደብቀው ምን ይሉኛል? አላህ ያውቃል።»

ካዝሚሩን ብርቱካኖቹ መሀል ተከለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብርቱካኖቹ ከጫፋቸው እየደረቁ አለቁ። አቶ ሰይፉ ያኔ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ነበር። ካድሬው ስብሰባ ጠርቶ አባ ፊጣን ቸልተኛ ገበሬ ነህ አለውና ግለ ሂስ እንዲያደርግ አስነሣው። እጄን አወጣሁ፤ ዕድል አልተሰጠኝም።

አባ ፊጣ ቆቡን አስተካክሎ ቆመ። «ብርቱካኖቼን እኔ አልገደልኳቸውም» አለ። «ገድለሃል ከተባልኩ ግን ገድያለሁ፤ ይቅርታ።»

ተጨበጨበ።

ቫይረሱን እስከ ዛሬ አልጠላውም፤ ያገኘው ዛፍ ውስጥ መግባት ተፈጥሮው ነው። ሰው ግን በፀሐይ ብርሃን የታየን ነገር አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው በፈቃዱ ነው። ልጆቼ ይህን ስናገር ያለፈ ነገር ነው ይሉኛል። የተጎዳው ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቆ ሞተ፤ የጎዱት ግን እስካሁን አልጠየቁም። ታዲያ እንዴት ነው ያለፈው?