አራት ነጥብ

አራሚው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ያሉትን መጻሕፍት ጨረሳቸው። ጨረሳቸው ስል አነበባቸው ማለቴ አይደለም፤ አረማቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ሲያበጥር የኖረ ሰው፣ ቀይ እስክሪብቶ ካልጨበጠ ፊደሉ አይታየውም። ጠርዙ ያልቀላ መጽሐፍ አልቀረውም። ከደም ግፊት መድኃኒቱ ጋር የመጣችውን ወረቀት እንኳ አርሞ፣ አጣጥፎ፣ ወደ ካርቶኗ መልሷታል።

አንድ ረፋድ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው ለልጁ ደወለ። ያለችው እሷ ብቻ ናት። በዓመት ሁለቴ ብትመጣ ነው፤ ያውም ቁጭ ሳትል። ምን በድያት ነው እያለ ይብሰለሰላል እንጂ ጠይቋት አያውቅም።

«የማነበው አለቀብኝ» አላት። «ምን ላንብብ?»

«የእኔን ደብዳቤዎች አንብብ።»

«እነሱንማ ድሮ አንብቤያቸዋለሁ! አንዲት ፊደል አላመለጠችኝም።»

«አላነበብካቸውም፣ አባዬ» አለችና ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋችው።

ደሙ ፈላ። እሱን አላነበብክም ማለት! ሊያሳፍራት ቆርጦ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደብዳቤዎቿ ያሉበትን ካርቶን አወረደ።

ሚስቱ ስትሞት ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሥራና ልጅ አንድ ላይ አልሆነልኝም ብሎ ሌላ ከተማ ለምትኖር እህቱ ሰጣት። ልጅቷ በየሳምንቱ ትጽፍለታለች፤ እሱ በቀይ አርሞ ይመልስላታል፤ እሷ ደግሞ የታረመውን ወረቀት እርማቱን ተከትላ ከጻፈችው ንጹሕ ግልባጭ ጋር አያይዛ ትልካለች። የማተሚያ ቤት ወግ ነው። ሁለቱን ያስተያይና ግልባጩ አናት ላይ «ይታተም» ብሎ ይፈርማል። ለልጁ ከዚህ ሌላ የጻፈላት ነገር የለም። አባትነት መስሎት ነው እንግዲህ።

አንዱን ጥንድ አነሣ። «አባዬ፣ ሆዴን ህመም ይዞኛል። አክስቴ ውሸትሽን ነው ትለኛለች። እባክህ መጥተህ ውሰደኝ» ይላል። «ህመም» የሚለው ቃል በቀይ ተከቧል፤ አጠገቡ በዚያ በሚመካበት የእጅ ጽሑፉ «በሐመሩ ሐ!» ተብሎ ተጽፏል። የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሦስቱን ሀ ልትለይለት! «ውሰደኝ» መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ረስታ ኖሮ እሱንም ጨምሮላታል።

ግልባጩን አየ። ሕመም በሐመሩ ሐ ተስተካክሏል። «መጥተህ ውሰደኝ» ግን የለም። በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ ደግሞ ፈለገ። የለም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ መስመር ዘሎት የማያውቅ ሰው፣ ይህን ሳያይ «ይታተም» ብሎ ፈርሞበታል።

የቀጣዮቹን ሳምንታት ደብዳቤዎች ገለጠ። ስለ ፈተና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ድመት። ስሕተታቸውም እየቀነሰ ሄዷል። ያኔ ልጄ ጎበዝ ሆነች ብሎ ለሥራ ባልደረቦቹ ማውራቱ ትዝ አለውና አፈረ።

መልሶ ደወለ።

«አንድ መስመር ጎድሏል» አላት።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ለምን?»

«አራት ነጥብ አደረግክበታ። አለቀ ማለት መሰለኝ።»

ከጀርባዋ የሰው ድምፅና የበር መከፈት መዘጋት ይሰማል። ለስንቱ ደራሲ ትክክለኛውን ቃል ሲያቀብል የኖረው ሰውዬ፣ ያቺን አራት ነጥብ በአውራ ጣቱ ሸፈናት።

«ልምጣ?» አላት። «መጥቼ ልውሰድሽ?»

«አባዬ» አለችው፣ «እኔ'ኮ አርባ ዓመቴ ነው።»