የመርቅያን ፊት

ሙዳዩን በከፈትሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የቅቤ ሽታ ነው። ወርቅ ሽታ የለውም ይሉኛል፤ የአክስቴ ወርቅ ግን አለው፣ ኮሰረት ኮሰረት ይላል። በቀደም አንድ ዘመዴ ምሳዬን በልቶ እግሩን ከዘረጋ በኋላ፣ ይህን ነገር ሸጬ ለምን ቤቴን እንደማላድስ ጠየቀኝ። ከእሱ በፊትም ጠይቀውኛል፣ ከእሱ በኋላም ይጠይቁኛል። አልሸጥም። ምክንያቱን ለመናገር ወደ ልጅነቴ መመለስ ሊኖርብኝ ነው፤ እናንተ የደብረ ታቦር ልጆች፣ እኩዮቼ፣ ቅር ቢላችሁም ስሙኝ። «የመርቅያን ልጅ» እያላችሁ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያው ድረስ የሸኛችሁኝ ከመካከላችሁ አላችሁ።

እትዬ ማንጠግቦሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ ጋፋት አጠገብ ያርስ ነበር፤ ልጄ ትማርልኝ ብሎ ከተማ እሷ ዘንድ አስቀመጠኝ። ሥራዋ ቅቤ ንግድ ነው። አንበሳሜ ገበያ ወርዳ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ትገዛለች፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ ታመጣለች፣ ደብረ ታቦር ላይ ትቸረችራለች። ልብሷ፣ ጠጉሯ፣ እኔ የምለብሰው ጋቢ ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አንበሳሜ ቀድሞ ባል አግብታ የኖረችበት አገር ነው። ልጅ አልወለደችም ተብላ ተፈታች፤ በወጣች ማግስት የዚያ ቤት ሰው ስሟን እንዳያነሣ ተከለከለ። አጉርሳ ያሳደገችው የእንጀራ ልጇ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኛት አንገቱን እንዲያዞር ተነገረው። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ገበያ ዳግም አይረግጥም። እሷ ግን በየገበያው ቀን ቅቤዋን ተሸክማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ በዚያው ደጃፍ ታልፋለች። ባሌ እንጂ መንገዱ አልፈታኝም ትል ነበር።

ወርቅ መሰብሰብ የጀመረችው ከፍቺው በኋላ ነው። ገበያው ዳር ጋሽ ሙሄ የሚባሉ አንጥረኛ ነበሩ። ሰው የተሰበረ ጉትቻ፣ ያረጀ ቀለበት፣ አልፎ አልፎም ከአያት የወረሰውን ክብ ወርቅ አቅልጡልኝ ብሎ ያመጣላቸዋል። ታዲያ ክቡ ወርቅ ላይ ዘውድ የደፋ ወይም መስቀል የያዘ ሰው ካዩ፣ እሳቱን ትተው አክስቴን ያስጠራሉ። እሷም ከጆሮዋና ከጣቷ እያወለቀች በሚዛን ትለውጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉትቻዋ ሁሉ አለቀ፤ የጆሮዋ ቀዳዳ እንዳይደፈን ሰንበሌጥ ሰክታበት ትውላለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሳቀባት፤ ጌጧን ሰጥታ የሞተ ንጉሥ ትገዛለች አሏት። በቁሙ ያለውስ ምን ጠቀመኝ ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

አራት ነበሩ። «ነገሥታቶቼ» ትላቸዋለች። ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም፤ ነጋዴ ያምጣቸው፣ መቃብር ይውለዳቸው፣ እግዜር ይወቅ። ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ያሉበትን አብርሃ ወአጽብሃ አልነው። አሁን አንድ የታሪክ መምህር ሕርቃል የተባለ የሮም ንጉሥና ልጁ ናቸው ብሎኛል፤ ለእኔ አብርሃ ወአጽብሃ ናቸው፣ አራት ነጥብ። ከሁሉ የሚያምረው ግን የራስ ቁር የደፋ፣ ጦሩን በትከሻው ያጋደመ፣ ፊት ለፊት የሚያየው ንጉሥ ነበር። ገልበጥ ሲያደርጉት ክንፍ ያለው መልአክ ረጅም መስቀል ይዞ ቆሟል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በጎን ሆኖ በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ይኼኛው ሁለት ዓይኑ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ደግ ሰው መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። ቆስጠንጢኖስ ነው ተባለ፤ እናቱ እሌኒ መስቀሉን ያወጣችው። ስለዚህ አክስቴ በመስቀል በዓል ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስረዋለች፤ የታመመ ልጅ ሲመጣም ታስነካዋለች።

የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ታስታውሳላችሁ መቼም። ስሙኒ ላይ አልብሰን በጥፍራችን ስንፈገፍገው አንበሳው ከነጎፈሩ ቦግ ይላል፤ በዚያ ገንዘብ ስንት ሱቅ ከፍተን ስንት ሱቅ ዘጋን። የዚያን ዓመት መስቀል ከምሳ በፊት ንጉሡን ስጭኝ ብዬ ለመንኋት፤ ደስ ብሏት ስለነበር ፈትታ ሰጠችኝ። ብርማውን ወረቀት አልብሼ ፈገፈግሁ። ፊቱ ወጣ፣ ጦሩ ወጣ፣ ዙሪያውን ደግሞ ወርቁ ላይ ልብ ያላልነው ፊደል ተደርድሮ ወጣ። እንግሊዝኛ ፊደል ከለየሁ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነው፤ ያገኘሁትን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብዬ የማነብበት ዘመን። ጠላ እየተቀዳ፣ ሰው ገበታ ከብቦ ሳለ ጣቴን እያስኬድሁ «ማር-ኪያ-ኑስ» ብዬ አነበብሁ።

የአክስቴ የንስሐ አባት ቄስ ጥሩነህ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምሁት። መስከረም ሰባት ገና ማለፉ ነው፤ የአባታችን የዲዮስቆሮስ ዕለት ስንክሳሩ ሲነበብ ሁላችንም ሰምተናል። መርቅያን የሚባል የሮም ንጉሥ በኬልቄዶን ጉባኤ ጊዜ አባታችን ሃይማኖቴን አልለውጥም ቢሉት ጥርሳቸውን ያስረገፈ፣ ጽሕማቸውን ያስነጨ ነው። እንግዲህ አክስቴ ከማተቧ ጋር አስራ ደመራ የዞረችው፣ በታመመ ልጅ ግንባር ላይ ያስነካችው እሱን ኖሯል። ቄስ ጥሩነህ ተነሡ። ይህ ወርቅ ቀልጦ ሌላ ነገር እስኪሆን ድረስ እዚህ ቤት አልገባም፣ ንስሐሽንም አልቀበልም ብለዋት ወጡ። አባቴ እኔ ላይ ዱላ ሲያነሣ አክስቴ መካከል ገባች። ያነበበች ልጅ በእኔ ቤት አትመታም አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የሰፈሩ ሴት ቅቤ ከሌላ ይገዛ ጀመር። የማርያም ማኅበርተኞቿ ተራዋ ሲደርስ ዘለሏት። እኔንም እናንተ ያን ስም አወጣችሁልኝ፤ አልቅሼም ተደባድቤም አውቃለሁ፣ ማንበቤን ግን አንድም ቀን አልተጸጸትሁበትም። አባቴ እየተመላለሰ ይለምናት ነበር። የንስሐ አባት የሌለው ሰው ቢሞት ማን ፍትሐት ያደርግለታል፣ ማንስ ቆሞ ይቀብረዋል ይላታል። እሷ ራሷ ቅዳሴ ቆማ ሳትቆርብ ስትመለስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትቀመጥ ነበር፤ ጨዋታዋ ሁሉ ጠፋ። ፈርታለች፣ በደንብ ፈርታለች።

ሽማግሌ የተቀመጠው ጥቅምት ሲገባ እኛው ግቢ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ቄስ ጥሩነህ ከግቢ እንጂ ከቤት አልገባም ብለው መጡ። ጋሽ ሙሄም ወናፋቸውንና ሞረዳቸውን ይዘው ተጠርተዋል፤ የወርቁ ባለቤት በገዛ አፏ ካላለች ግን እሳት እንደማያነዱ አስቀድመው ተናገሩ። አክስቴ ንጉሡን ከሙዳዩ አውጥታ፣ መልአኩን ወደ ላይ አድርጋ መሬት ላይ በተነጠፈው ነጠላዋ አስቀመጠችው።

«አባቴ፣ እሺ ንጉሡ ይቅለጥ» አለቻቸው ቄስ ጥሩነህን። «ይህን መስቀል እሳት ውስጥ የሚጨምረው ማነው? አንቱ ነዎት ወይስ ጋሽ ሙሄ?»

ጋሽ ሙሄ ወናፋቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው እኔ የለሁበትም አሉ። ቄስ ጥሩነህም እጃቸውን አልዘረጉም። ሽማግሌ መቼም መላ አያጣም፤ ከሁሉ አንጋፋው ብዙ ካሰቡ በኋላ ጥሩ ነገር አመጡ። መስቀሉና መልአኩ ባለበት ይቅር፤ የመርቅያን ፊት ብቻ በሞረድ ይፋቅ። ሁሉም እፎይ አለ። ቄስ ጥሩነህም በዚህ ከተስማማች ዛሬውኑ ቤቷ ገብቼ ጸበል እረጫለሁ አሉ። አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። ጋሽ ሙሄ ሞረዳቸውን በጨርቅ ጠረጉ። እኔም በልቤ ተመስገን አልሁ፤ ነገ ትምህርት ቤት ማንም አይሰድበኝም። አክስቴ ግን መዳፏን ወርቁ ላይ አሳረፈች።

«ክፉ ነው ካላችሁኝ ክፉ ነው፤ እኔ ጠበቃው አይደለሁም» አለች። «የአባታችንን ጽሕም ማስነጨቱን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ፊት ግን አላስፍቅም። የእኔን ፊት አንበሳሜ ላይ ፍቀውታል፤ ያሳደግሁት ልጅ እያየኝ እንደሌለሁ ያልፈኛል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ይኼ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያደርግ የሚያውቅ አለ? እኔ አውቃለሁ። በጠላቴም ላይ አላደርገውም።»

አባቴ ስትሞች ማን ይፈታሻል ብሎ በቁጣ ጠየቃት። እግዜር የሚያውቀኝ በፊቴ ነው አለችው። ቄስ ጥሩነህ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ለማንም ሳያሳልሙ ወጡ። ሽማግሌዎቹም የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ጋሽ ሙሄ ብቻ ቆይተው ወርቁን ከነጠላው አነሡና ለእሷ ሰጧት።

እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች እንዳትሉ። በሚቀጥለው የማርያም ማኅበር ማንም ሳይጠራት ገንቦዋን አዝላ ሄዳ መካከላቸው ቁጭ አለች፤ ውጪ የሚላት አልተገኘም። ከከተማው ራቅ ያለ ደብር ሄዳም አንድ ሽማግሌ ካህን አገኘች። ወርቁን አሳየቻቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ እኛስ ሰይጣንን ከነቀንዱ ሚካኤል እግር ሥር ስለን እናስቀምጠው የለም ወይ ብለው የንስሐ ልጃቸው አደረጓት። በአንገቷ ግን ሁለተኛ አላሰረችውም፤ ሙዳዩ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ኖረ። ቄስ ጥሩነህ ሲታመሙ የተነጠረ ቅቤ ላከችላቸው፤ ቅቤውን በሉ፣ ቤቷን ግን እስከ መጨረሻው አልረገጡም። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ እላለሁ፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። እሷም በጊዜዋ አረፈች፤ ፍትሐት ተደርጎላት፣ በወግ ተቀበረች፤ ሙዳዩም ለእኔ ቀረ።

ያን ዘመን ናፋቂ ነሽ ትሉኝ ይሆናል። አዎ ነኝ። የናፈቀኝ ግን ድሎቱ አይደለም፤ ድሎትም አልነበረው። ከሞተ ስንት ዘመን ላለፈው ለአንድ የሮም ንጉሥ ፊት የአገር ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ መቀመጡ ነው። ተሳስተውም ቢሆን ተቀምጠው ተነጋገሩ፣ ባለቤቷን ጠየቁ፣ እምቢ ስትልም ትተዋት ሄዱ። ዛሬ ፊት ለመፋቅ ማን ሽማግሌ ይጠራል? ትናንት አብሮ የበላውን ሰው ዛሬ ከስልኩም ከአፉም ያጠፋዋል፤ ማታ ደህና ተኝቶ ያድራል። የሰፈርም የአገርም ጠባይ ይኸው ሆኗል። ይናደድብኝ የሚፈልግ፤ ያየሁትን ነው የምናገር።

ባለፈው እሑድ ልጄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ስትመርጥ የሠርጌን አገኘች። አባቷ ጥሎን ከሄደ ቆይቷል። ምን አድርጎ እንደሄደ አልነገርኋትም፤ በጠየቀችኝ ቁጥር ተይው ብቻ እያልሁ ነው ያሳደግኋት። መቀስ ይዛ መጣች። አንቺ ቆንጆ ነሽ፣ እሱን ቆርጬ አንቺን እሰቅላለሁ አለችኝ። ፎቶው ላይ እጁ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ሁለታችንም እንስቃለን።

መቀሱን ከእጇ ወሰድሁ።

«ፊቱ ይቆይ» አልኋት። «ነይ ተቀመጭ። ያደረገውን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ፊቱን እያየሽ ስሚኝ።»

ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ከመጀመሪያው ጀመርሁላት።