ከጣራ የወደቅሁበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት በእንሴኖ መንገድ ላይ ከሞተር ብስክሌት የወደቀውን የልጅ ልጄን ኤልያስን ከቡታጅራ አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው። ራሱን ሽቦ በሽቦ አድርገው የአንጎሉን ሥራ ወረቀት ላይ አነበቡ። ሐኪሟ፣ «አሁን ደህና ነው። ግን ሞገዱ ላይ ትንሽ ለውጥ አይተናል። እንዲህ ያለ ጉዳት ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል እንከታተለዋለን» አለችን። የእጮኛው የሠናይት ፊት አመድ መሰለ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ።

ጣሊያን አገራችን ውስጥ በነበረ ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቸሃ ውስጥ የአቶ ሽብሩን ቤት ጣራ በደቦ እንከድናለን። አቶ ሽብሩ ልጃቸውን ብርቅነሽን ሊሰጡኝ ቃል የገቡልኝ ሰው ናቸውና፣ ጉብዝናዬን ላሳይ ብዬ ከሁሉም በላይ ጉልላቱ ሥር ወጥቻለሁ። ከታች ሴቶቹ ቆጮና ጎመን ያሰናዳሉ፤ የቅቤው ሽታ እላይ ድረስ ይመጣል። ይህን ጊዜ የጣሊያን አውሮፕላን በወልቂጤ በኩል እያጓራ መጣ። ሌላው ሰው ሣሩ ላይ ልጥፍ ሲል፣ እኔ ጅሉ ቆሜ አንጋጠጥኩ። አውሮፕላኑ አንድም ቦምብ አልጣለም፤ የጣለው እኔን ብቻ ነው።

ስነቃ ሦስተኛው ቀን ነው አሉኝ። ሳምንት ሳይሞላኝ ደግሞ ተንዘፈዘፍኩ፤ አረፋ ደፈቅሁ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። በሽታው ይጋባል፣ የያዘውንም ሰው መንካት አይገባም ይባል ነበር። አቶ ሽብሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን አባት ናቸው። «እስከ መስቀል እንይህ። ሁለተኛ ካልወደቅህ ትወስዳታለህ፤ ከወደቅህ ግን ልጄን አልሰጥም» አሉኝ።

ኧረ ያ ክረምት! አገሩ ሁሉ ጠባቂዬ ሆነ። የወደቀን ሰው የክብሪት ጭስ ያነቃዋል ስለሚባል፣ ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ጎረቤቶቼ ለእኔ ሲሉ ይቆጥቡ ነበር። ሳስነጥስ ክብሪት ይጫራል። ጭቃ ካንሸራተተኝማ ሦስት ሰው አፍንጫዬ ሥር ጭስ ይዞ ይደርሳል። ብርቅነሽ ከሩቅ እያየች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

እንዲህ እየተሳሳቅን መስቀል አንድ ቀን ቀረው። ብርቅነሽ ለክትፎ ማቅረቢያ የእንሰት ቅጠል ልትቆርጥ ጓሮ ገብታለች፤ እኔም ተደብቄ አጠገቧ ቆሜ እያወራኋት ወደቅሁ። ስነቃ ራሴ ጭኗ ላይ ነው። ምላሴን ነክሼ አፌ ደም ደም ይላል።

«ማንም አላየም፤ ዝም በል» አለችኝ።

«አባትሽን አላታልልም» አልኳት። አለቀስኩም።

እያጉተመተመች ተከተለችኝ። አቶ ሽብሩ ለመስቀል በሚታረደው በሬ አጠገብ ቁጭ ብለው ቢላ ይስላሉ። የሆነውን ስነግራቸው ቢላቸውን አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ነካሽው?»

«ደግፌ ያዝኩት እንጂ! ልተወው ነበር?»

«አልፈራሽም?»

«ምን ያስፈራል አባባ? ሲነሳ ያው ተክሌ ነው።»

ቢላቸውን መልሰው አነሱ። ከዚያ፣ «አብራው የምትኖረው እሷ ካልፈራች እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብለው ሳቁ። ሚጥሚጣው የተነከሰ ምላሴን እየለበለበኝ የበላሁት ያ ክትፎ! ከዚያ ወዲህ እንደሱ የጣመኝ የለም። በጥር ተጋባን። በሽታውም ሁለት ሦስቴ መለስ ብሎ ጎበኘኝና በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ለሠናይት አወራሁላት። ልጅቱ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ወደ ብርቅነሽ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ እውነት ግን አልፈሩም ነበር?» አለቻት።

«እንዴት አልፈራ! ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። አባቴን ዋሸሁት» አለች ብርቅነሽ።

ስልሳ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔ ደፋር ሴት ያገባሁ መስሎኝ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ለካ ያቺ ልጅ እየተንቀጠቀጠች ነው ራሴን ይዛ የጠበቀችኝ፤ ይህን ስሰማ ደግሞ እንደ አዲስ ወደድኳት።