መርዶውን የቀደምኩ ዕለት

ባለፈው እሁድ የእድራችን ስብሰባ ላይ አዲስ አንቀጽ እንዳረቅቅ ተመረጥኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሰፈሩ ግጥም ይጽፋል የሚባል ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ ለሊቀመንበራችን ደግሞ ግጥምም መተዳደሪያ ደንብም ያው ጽሑፍ ነው። ነገሩን ያመጣው በቅርቡ የደረሰ ጉዳይ ነው። ዓለም ባንክ አካባቢ የምትኖር አንዲት አባላችን የአባቷን ሞት ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ከስልኳ ላይ አየችው። የአጎቷ ልጅ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ምስል ጋር ለጥፎት ነበር። መርዶ ሊነግሯት ያሰቡት ሰዎች ገና ለማግስቱ ጠዋት እየተቀጣጠሩ ነበር።

ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ተናደደ። የዘንድሮ ልጆች ምን ያልተባሉት አለ። እኔ አቀርቅሬ ማስታወሻ የምይዝ መሰልኩ። ያንኑ ነገር፣ ያውም ፊት ለፊት ቆሜ በገዛ አፌ ያደረግኩ ሰው መሆኔን ከተሰበሰበው ሰው የሚያውቅ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። እኔና እናቴ ኮልፌ፣ እትዬ አስናቀች ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እትዬ አስናቀች ሃምሳን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ከአሮጊት እናታቸው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ዘርግተው ይተኛሉ። እናትየውን ግቢው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ልባቸው ደካማ ነው፣ ግፊትም አለባቸው፤ በእሳቸው ምክንያት በዚያ ግቢ በር በኃይል የሚዘጋ ሰው አልነበረም። ሦስተኛው የቤተሰቡ ሰው ጋሼ ሙላት ነው፤ የእትዬ ታናሽ ወንድም፣ እሳቸው አዝለው ያሳደጉት፣ የተሳቢ መኪና ሹፌር። ጂቡቲ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር እየመጣ ሁለት ቀን አድሮ ይሄዳል።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ሥራ እፈልጋለሁ እያልኩ ቀኑን በእግር እጨርሰዋለሁ፤ ከኮልፌ አስኮ፣ ከአስኮ ተመልሼ ዘነበወርቅ፣ በዚያ ጭቃ። ግጥም እጽፋለሁ፣ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። በዚያ ክረምት እጄ የገባው ደግሞ ከጀማል ሱቅ የተገኘ ነው። ጀማል ስኳርና ምስር የሚጠቀልልበትን ወረቀት በክምር ነበር የሚገዛው። አንድ ቀን የጨው መጠቅለያ ስፈታ፣ ስለ ሰው ነጻነት የሚያወራ በእጅ የተጻፈ ገጽ አገኘሁ። ሮጬ ተመለስኩና የቀረውን በአሮጌ ጋዜጣ ለወጥኩት። አንድ የማላውቀው ሰው ፍልስፍና ሲማር የአንድ ፈላስፋን ሐሳብ ወደ አማርኛ እየመለሰ የያዘው ማስታወሻ ነው። መጀመሪያው የለም፣ መጨረሻውም የለም። የፈላስፋው ስም ያለበት ገጽ የማንን ስኳር ይዞ እንደሄደ አላውቅም።

ከተረፈኝ እንደተረዳሁት፣ ፈላስፋው ከብዙ ዘመን በፊት በፈረንጅ አገር የኖረ፣ ከወገኖቹ የተወገዘ፣ የመነጽር መስታወት እየሞረደ የሚያድር ብቸኛ ነው። እግዚአብሔርን አልካደም። የእሱ እግዚአብሔር ግን አይቆጣም፣ አይታረቅም፣ ስለት አይቀበልም፤ ከተፈጥሮ ውጪ የተቀመጠ ንጉሥ ሳይሆን ያለው ሁሉ እሱው ነው። የሆነው ነገር ሁሉ መሆን ስላለበት ሆኗል። ሰው መረጥኩ የሚለው የገፋውን ስለማያየው ነው። ስሜቱን ያላወቀ ሰው የስሜቱ ባሪያ ነው፣ ከየት እንደመጣበት አጥርቶ ያየ ግን በዚያው ልክ ነጻ ይወጣል። ስሙንና የጎደሉትን ገጾች ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እዚያ ውስጥ ስሜትን እውቀት ብቻውን እንደማያሸንፈው፣ ለሰው ደግሞ ከሰው የበለጠ የሚጠቅመው ነገር እንደሌለ ጽፏል። ይህ እኔ ጋ አልደረሰም ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ሹሉ ሹሉ ብቻ ነው።

ጋሼ ሙላት በሐምሌ መጨረሻ ሲመጣ በረንዳው ላይ አፋጠጠኝ።

"እና አሁን እኔ ማርሽ የምቀይረው ወድጄ አይደለም?"

"ዳገቱ ነው የሚያስቀይርህ" አልኩት።

"ባልቀይርስ?"

"የማትቀይርበት ምክንያት ይኖርሃላ። እንቅልፍ ይሆናል፣ ንዴት ይሆናል።"

"ሰማሽ አስኒ? ይሄን ልጅ ይዤው መሄድ ነው። ትራፊክ ሲያስቆመኝ፣ እሱ አይደለም ዳገቱ ነው ይበልልኝ።"

እትዬ አስናቀች ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ቀና እንኳን አላሉም። "ተወው እስቲ የመጠቅለያውን ሊቅ። አንድ ቀን በርበሬ የተጠቀለለበት ያነብና ዓይኑን ያጠፋዋል።"

ሙላት ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መንገድ ላይ የምለምነውስ? አይሰማኝም?" አለኝ።

"ሰምቶህ አይደለም የምትደርሰው" አልኩት። በራሴ ኮራሁ።

ጥቂት አሰበበት። "እሱን እንኳ ለእናቴ እንዳትነግራት" አለና ተነሣ።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ እናቴ ጎረቤት ተጠርታ ሄደች። ስትመለስ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሙላት መኪና ማክሰኞ ዕለት በጂቡቲ መንገድ ላይ ተገልብጣለች። እሱ እዚያው አርፏል። ሬሳው እየመጣ ነው፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ይደርሳል።

"ለእትዬ ማን ነገራቸው?" አልኳት።

"ማንም። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። አንተ አፍህን ጠብቅ።"

"እስከዚያ እንዋሻቸዋለን?"

"ማን ዋሸ? ዝም ነው የምንለው።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም። ይብሉ፣ ይተኙ። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም።"

ከሰዓት በኋላ መስኮታችን አጠገብ ቆሜ ግቢውን አየሁት። አንዷ ጎረቤት በሽሮና በምስር የተሸፈነ ሰሃን ይዛ መጣች፤ ጾም መግደፊያ ሰዓት ነው ብላ ካላጎረስኩዎ አለች። ሌላዋ "ስልክዎን ለአንድ ደቂቃ" ብላ ወሰደች፣ አልመለሰችም። ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ሰዎች የእድሩን ድንኳን ብረቶች እንዳይጋጩ በጆንያ እየጠቀለሉ በዝናብ ያወርዳሉ። የሚያልፍ ሁሉ በበሩ ብቅ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፣ ይስቅላቸዋል። ሰፈር ሙሉ ሰው የሚያውቀውን አንዲት ሴት ብቻ አታውቅም፣ ነገሩ ደግሞ የእሷ ነው። የማያውቅ ሰው ነጻ አይደለም፤ ወረቀቴ ላይ ያለው ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ሰዓት ሰዎች በእሳቸው ፈንታ እየወሰኑ እሳቸውን እስረኛ አድርገዋቸዋል ብዬ ደመደምኩ። ድምዳሜው ጥርት ያለ ነበር። ጥርት ያለ ነገር ሁሉ ያኔ እውነት ይመስለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ግድም ዝናቡ አባራ። እትዬ በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጥለው ዳቦ ቆሎ ይቆርጣሉ። ሊጡን በመዳፋቸው እያሹ እንደ ገመድ ያስረዝሙና በቢላ ጥርስ ጥርስ ያህል ይከትፉታል፣ መጥበሻው ላይ ይበትኑታል። ሲያዩኝ ጠሩኝ።

"ና፣ አማስልልኝ። ሙላት ቅዳሜ ይመጣል። መንገድ ላይ በጾም ምንም አያገኝም፤ ያለፈው ጊዜ የሰጠሁትን ደግሞ ረዳቱ ጨርሶበት።"

ማማሰያውን ተቀበልኩ። ትንሽ አማሰልኩ። ከዚያ "እትዬ፣ ጋሼ ሙላት አይመጣም" አልኩ።

"ደወለ እንዴ?"

"አልደወለም። መኪናው ተገልብጧል። አርፏል፣ ማክሰኞ ዕለት። ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ለጠዋት ብለው ነው የደበቁዎት። ማወቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት ብዬ ነው።"

ቢላው ቆመ። እኔ ጩኸት እጠብቅ ነበር፤ ለጩኸቱ ተዘጋጅቼ፣ ምን ብዬ እንደማጽናና አስቤ ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን ቀና ብለው ያዩት የክፍላቸውን በር ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የእማማ ሳል ይሰማል።

"እናትህ ታውቃለች?"

"አዎ።"

"ሬሳውስ?"

"ነገ ረፋድ ይደርሳል።"

"ለእማማ ማን ተመድቦላታል?"

አላወቅኩም። ጠይቄም አላውቅም። በኋላ እንደተረዳሁት ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዘነበወርቅ የምትኖር፣ ነርስ የሆነች የእማማ የእህት ልጅ አብራ ልትገባ፣ አሮጊቷን መጀመሪያ መድኃኒታቸውን ልታስውጣቸው፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ሊይዟቸው ተነጋግረው ነበር። ነርሷ የምትመጣው ከሌሊት ተረኛነቷ ስትወጣ ነው። ጠዋት የተባለውም ለዚህ ነው።

"ስማኝ" አሉኝ። ድምፃቸው ሊጥ ሲቆርጡ የነበረው ድምፅ ነው። "አልነገርከኝም። ለእናትህም እንዳትላት። እኔ አሁን አንድ ጊዜ ከጮህኩ እማማን አብሬ እቀብራታለሁ።"

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?"

"እያረረ ነው፣ አማስል።"

አማሰልኩ። የቀረውን ሊጥ እስከ መጨረሻው ቆረጡት።

ቤቴ ገብቼ ያደረግኩትን መናገር አለብኝ፤ ፊታቸውን ጻፍኩት። ያንን በር ስላዩበት አስተያየት ስምንት ስንኝ ሞላሁ፣ ጥሩ ወጣልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። በእራት ሰዓት የእነሱን ክፍል ከእኛ በሚለየው የጭቃ ግድግዳ በኩል ድምፃቸው ይሰማኝ ጀመር። እማማ "ልጄ ደወለ?" ሲሉ ሰማሁ። እትዬ "መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይገባል" አሏቸው። ቀጥለው ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጎመኑ አወሩ፣ እማማ ጸሎት እንዲያደርሱላቸው ጠየቁ፣ እትዬ አንድ ቃል ሳይዘሉ አደረሱ። ለሙላት በስሙ ጠርተው መንገዱን አቅናለት ብለው ለመኑ። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩን አንኳኩ። የከፈቱት እትዬ ራሳቸው ናቸው፣ ለብሰው። ከሰዎቹ መሐል ነርሷን በዓይናቸው ፈለጓት። ነርሷ አልፋ ገባች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከውስጥ ብቅ ብላ መድኃኒቱን ውጠዋል በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የኮልፌው እድር ሊቀመንበር "እንግዲህ የሰው ልጅ" ብለው ሲጀምሩ እትዬ አስናቀች መሬት ላይ ወደቁ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አብረዋቸው የመጡት ሴቶች በአንድ ጊዜ ተቀበሏቸው፤ አንዷ ወገባቸውን፣ አንዷ ክንዳቸውን፣ አንዷ እንደሳቸው እየጮኸች። ማስመሰል ይሁን አይሁን ከእኔ በቀር ሊጠይቅ የሚችል ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። እማማም ሰሙ። ከሁለት ሴቶች መሐል ሆነው፣ በቀስታ፣ ልቅሶን ከድሮ ጀምሮ እንደሚያውቅ ሰው፣ አለቀሱ። ተረፉ።

ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ውኃ አቀበልኩ። ሰው ሁሉ የእግዜር ፈቃድ ነው ይላል። እኔ ዳገቱን፣ ጭነቱን፣ ያላለቀ እንቅልፍን አስብ ነበር። ዛሬም የማስበው ያንን ነው፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ስለዚያ ሐሙስ ያነሱብኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከመስቀል በኋላ፣ ግቢው ደርቆ ልብስ ስናሰጣ።

"ለምን ነገርከኝ?" አሉኝ፣ የገመዱን ጫፍ እንደያዙ።

"እውነቱን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው።"

"እሱማ ገባኝ። ይገባኛል። አንተ ለምን ነገርከኝ?"

ስለ ነጻነት፣ ስለ እውቀት፣ የምችለውን ሁሉ በልቤ ፈለግኩ። ለጥያቄያቸው የሚሆን አንድም አልነበረበትም።

"ዳቦ ቆሎውን ስታይ ከበደህ" አሉኝ። "መያዝ አቃተህ፣ ለኔ ሰጠኸኝ። ልጅ ነህ፣ አልፈርድብህም። እኔ ግን ያን ሌሊት ለማን እሰጠው ነበር?"

አንሶላውን አብረን አጥፈን ሰቀልነው። ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ሊቁ እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ መብራት አብርቼ ሳመሽም አንድ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። እማማ ሁለት ዓመት ቆይተው አረፉ። እትዬ ቤቱን ሸጠው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ በበዓል እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገርመኝ፣ ፈላስፋው ስለ እኔ ልክ መሆኑ ነው። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ሁሉ ነጻ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ነበር፣ ከሁሉም ይበልጥ የተገፋሁት ግን እኔ ነበርኩ፤ የገፋኝን ያየችው ሊጥ ስትቆርጥ የነበረች ሴት ነች። ከእኔ ይልቅ ስሜቷን አውቃ፣ ይዛ፣ ቀን ቀጥራለት ያደረችውም እሷ ነች። ስለ ምክንያት አንድ ገጽ አላነበበችም።

አንቀጹን ትናንት ጽፌ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁ። ለቤተሰቡ መርዶ ሳይነገር ማንም ሞቱን አይለጥፍ የሚል አንድ መስመር ነው፤ ቅጣቱን እነሱ ይጨምሩበት። እኔ የሰው እውነት ከሰው መደበቅ አለበት ብዬ አላምንም፣ እትዬም አላሉኝም። አሁን ግን ለአንድ ሰው ከባድ ነገር ልነግረው ስነሣ፣ ከተናገርኩት በኋላ የሚቀለው ለማን እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለእኔ ነው። ያን ጊዜ ነገሩን አልተወውም፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ።