በጀሪካን ላይ የተቀመጠው ረዳት አብራሪ

በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ መጀመሪያ ያየሁት ጀሪካን ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ባዶ አየር የሚነካካ ሰው ነው። «ይኸው፣ ከእብድ ጋር አጎሩኝ» አልኩ በልቤ። እሱም እኔን ሲያይ እንደዚያው ሳይል አልቀረም። የታሰርኩት በምላሴ ነው፤ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ስለ ሹማምንት ቀለድኩ። በቀልዱ የሳቁት ቤታቸው ገቡ።

ክፍሉ ላብና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸት ነበር። ቁልፍ በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሻችንን እንውጣለን። ከተጠራው አንዳንዱ ይመለሳል፤ የአንዳንዱ ጫማው ብቻ ይቀራል።

ሰውዬው ታቦር የሚባል መድኃኒት ቤት ይሠራ የነበረ ፋርማሲስት ነው። ሥራውን ትቶ የአገር ውስጥ በረራ ፓይለት ለመሆን ሥልጠና ጀምሮ ነበር። ሠልጣኞች ቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው የእያንዳንዱን ማብሪያ ቦታ እስኪለምድ ያለ አውሮፕላን ይለማመዳሉ። እሱም መቆጣጠሪያውን ካርቶን ላይ ስሎ የቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ጎረቤቱን ሊፈትሹ የመጡ ሰዎች በክፍት በሩ ካርቶኑን አዩ። በቃ።

«ጋሼ፣ ረዳት ይሁኑኝ» አለኝ፣ ሌላ ጀሪካን አጠገቡ እያስጠጋልኝ። «እጄ መንቀጥቀጡን የሚተወው ስለማመድ ብቻ ነው።»

«እኔን? ባጃጅ እንኳ ያጥወለውለኛል እኮ።»

«ልናርፍ ስንል ስጠይቅዎት አይተው መመለስ ነው። ጎማ?»

«ወርዷል!»

«መቼ አዩና? ረዳት ያላየውን አይመልስም፣ ጋሼ። ሰው የሚሞተው እንደሱ ነው።»

አንድ ቀን ጠሩኝ። መርማሪው በትህትና ወንበር ሰጠኝ፤ ይበልጥ የፈራሁት ያኔ ነው።

«አባባ፣ ያ ሰው አውሮፕላን እጠልፋለሁ ሲል ሰምተዋል። ይህን ይመስክሩና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

አልጋዬ ታየኝ፤ አፌም ተከፈተ። ዕድሜ ልኬን ያላየሁትን ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የከተማችን ሐይቅ ጉማሬ ጀልባዬን እንደገለበጠ ያልማልኩለት ዘመድ የለም። ጀልባ ኖሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ምላሴ እምቢ አለች።

«ያላየሁትን አልመልስም» አልኩ። «ያየሁት ጀሪካን ላይ ተቀምጦ የሌለ አውሮፕላን ሲያሳርፍ ነው። ለዚያውም በኔ ጥፋት ሐይቅ ውስጥ ገብተናል።»

አልሳቀም። «እንግዲያው እዚሁ ያርጁ።»

«እሱንስ ጨርሼ ነው የመጣሁት» ልል ነበር፤ ዋጥኩት።

በማግስቱ እሱን ጠሩት። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ጎማ?» አለ።

መናገር ክልክል ነው፤ ጠባቂው ዱላ ይዟል። ተነሥቼ ቆምኩና እግሩን አየሁ። መሬቱን ረግጦታል።

«ወርዷል፣ ካፒቴን!»

ዱላው ትከሻዬ ላይ አረፈ። እውነት ለመናገር፣ ከኔ ይልቅ ማረፍ ያውቅበታል።

እኔን እንደያዙኝ ሁሉ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። እሱ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንዳንድ ከሰዓት ትንሿ አውሮፕላን በሐይቁ ላይ ዝቅ ስትል፣ ደጃፌ ላይ ከወንበሬ እነሣና እጄን ከግንባሬ አደርጋለሁ።

«ደግሞ ምን ልትለን ነው?» ትለኛለች ባለቤቴ።

ዓይኔን ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር አልነቅልም። መጀመሪያ ጎማውን ማየት አለብኝ።