ለጥሩዬ የተቆጠበ ደም

ጥፋቱ የኔ ነው። አቶ ያርጋል ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ጥሩዬን ይዘው ከዳባት በላይ ካለው መንደራቸው ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ የመጡ ዕለት፣ ለእሳቸው «ደም ብዛት አለብዎ»፣ ለእሷ «ደም ማነስ አለብሽ» አልኋቸው። ለሁለቱም ክኒን ሰጥቼ ሸኘኋቸው፤ ያስረዳሁ መስሎኝ።

አቶ ያርጋል ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ ግትር ናቸው። ሚስታቸው ጥሩዬን በወለዱ ዕለት ደም ፈስሷቸው ሞቱ፤ ልጅቷን ያሳደጓት ብቻቸውን ነው።

በወሩ ተመልሰው መጡ። ጥሩዬን ለካኋት፤ ላይኛው መቶ አምስት፣ ታችኛው ስልሳ አምስት፣ ሸጋ ነው። የእሳቸው ላይኛው መቶ ሰባ አምስት! ተናደድሁ።

«አባቴ፣ ክኒኑን አልዋጡም?»

«አልዋጥሁም» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። «የኔ በዝቷል፣ የሷ አንሷል አላልኸኝም? ለምን አሳንሰዋለሁ? ስትወልድ ከኔ ቅዱና ስጧት። ለናቷ የሚሰጥ አልነበረም።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የናቷን ነገር ስሰማ ተውሁት። ጥሩዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ስሙ ነው ያሳሳተዎ» አልኋቸው። «ደምዎ ከሰው አይበልጥም። የበዛው ግፊቱ ነው፤ ቦይ ውስጥ የሚጣደፍ ውኃ ዳሩን እንደሚንደው የደም ሥርዎን ይጎዳዋል። የጥሩዬ ግፊት ደኅና ነው፤ ማነስ ያልነው ሌላ ነው፣ ደሟ ብረት ጎድሎት ነው።»

«ለሽማግሌስ ከፍ ቢል ምን አለበት?»

«የሕፃን ዝቅ ይላል፣ ከዕድሜ ጋር ብዙ ሰው ላይ ይጨምራል። ስለተለመደ ግን ጤና አይባልም። ነፍሰ ጡሯ መቶ አርባ ከደረሰች እንደነግጣለን፤ የእርስዎም ከዚያ ሲያልፍ ዝም አይባልም። እንዲህ ከቆየ አንድ ቀን ይጥልዎታል።»

አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያ የምሰጣት የለኝማ።»

ጥሩዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «አባብዬ፣ እናቴን የማውቃት እርስዎ ሲነግሩኝ ነው። ልጄም እርስዎን እኔ ስነግረው ብቻ ይወቅዎት?»

አቶ ያርጋል ውኃ ጠየቁኝ። ክኒኑን እዚያው ፊቷ ዋጡ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላስታጎሉም።

ጥሩዬ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። አቶ ያርጋል ሕፃኑን አቅፈው እየሳቁ፣ እያለቀሱ «በል ለካኝ» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ደስታም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋልና ዛሬ አይሆንም አልኋቸው።