ሐቀኛ ነው ያልኩት ጨዋታ

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ሁለት ዓመት በኋላ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ነው። እኔ በብር ቁማር ተጫውቼ አላውቅም። ሆኖም ስለ ቁማር ሲወራ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እሄዳለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው።

በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ብዙ ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጅ የለኝም። የእህቴን ልጅ ምሕረቱን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ሁለት ኮምፒውተር ይዞ መጣና መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየ።

አንዱን ኮምፒውተር ቤቴ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ስክሪኑ ላይ የፍራፍሬ ሥዕል ያለባቸው ሦስት ጎማዎች ይሽከረከራሉ። ሲቆሙ ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ፍሬ ከመጣ ተጫዋቹ አሸነፈ ማለት ነው።

«ቁማር ቤቴ አይገባም» አልኩት።

«አክስቴ፣ ይሄ የሙከራው ነው። ነፃ ነው፤ ነጥብ እንጂ ብር የለበትም። ሥራ ሳልጀምር፣ ሰው እንዳይበደል አንቺ ፈትሺልኝ። ከአንቺ ዓይን የሚያመልጥ ስሕተት የለም።»

እንዲህ ማለቱ ደስ አሰኘኝ። አሥር ቀን ሙሉ ከቁርስ በኋላ እየተቀመጥኩ ፈተሽኩት። እንደ ሥራ ልማዴ ደብተር አስምሬ ያሸነፍኩበትንና የተሸነፍኩበትን ለየብቻ ምልክት አደረግኩ። የማሸነፌ ዓምድ ሁልጊዜ ይረዝም ነበር። በመጨረሻ ከሥሩ «ሐቀኛ ነው» ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ሰጠሁት። ክፍሉን በብር ለሚጫወቱ ሲከፍትም፣ ሰው በብር ቢጫወት የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬም ጥፋት ነበር።

መስቀል ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ወርቅነሽ ቤቴ መጣች። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፤ ቦዲቲ ገበያ ቅቤ ትነግዳለች። በእኛ አገር ሴቶች ለመስቀል ቅቤ መግዣ ዓመቱን ሙሉ አብረው ይቆጥባሉ። ራሷን ጨምሮ የስድስት ሴቶችን ቁጠባ የምትይዘው እሷ ነበረች። ጨምሬ አመጣለሁ ብላ ምሕረቱ ዘንድ ተጫውታ ሁሉንም አጣችው።

«ምሕረቱ ደብተርሽን አሳየኝ» አለች። «ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ። አንቺ ካልሽ ብዬ ነው። ለመሆኑ አንቺ ስትጫወቺ እውነት እንዲያ ነበር?»

«ነበር።»

«እንግዲያ ዕድለ ቢሷ እኔ ነኝ» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

በዚያው ቀን ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ደብተሬ በሲባጎ ታስሮ በሩ አጠገብ ተንጠልጥሏል። አንድ የባጃጅ ሾፌር አይቶኝ፣ «መርማሪዋ መጡ! ለእኔም አንድ ምልክት ያድርጉልኝ እንጂ እማማ» አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

ምሕረቱን ወደ ደጅ ጠርቼ፣ ለእኔ ያሸንፍ የነበረ ጨዋታ ለወርቅነሽ እንዴት እንዲህ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሰዎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አክስቴ፣ የነፃው እኮ ሰው እንዲወደው እያሸነፈ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። የብሩ ሌላ ነው።»

«ለእኔ ስታመጣው ታውቅ ነበር?»

«ይሄን የማያውቅ ማን አለ? አንቺ በጣም አምርረሽ ያዝሽው።»

ደብተሩን ከሲባጎው ፈትቼ ወሰድኩ። አልከለከለኝም።

በማግስቱ ከወርቅነሽ ጋር ሆኜ አምስቱ ሴቶች ፊት ቀረብኩና ጨዋታውን ሐቀኛ ነው ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ትልቋ፣ «ሁለታችሁም ተምራችኋል እየተባለ» ብላ ሳቀች። ሌሎቹ አልሳቁም። የዚያን ዓመት ቅቤ የተገዛው ሐብሌ ተሽጦ ነው።

ክፍሉ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ምሕረቱ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ የዋስትና ቅጽ አመጣልኝ። «ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው» አለ። ቅጹን እስከ መጨረሻው አንብቤ መለስኩለት። «ሌላ ዋስ ፈልግ» አልኩት። ምሳ አቀረብኩለት፤ በልቶ ሄደ።

አሁን ባለ ትዳር ነው። በየበዓሉ ይደውላል፤ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ። ልጄ ነው፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን እነዚያን አሥር ቀናት መርሳት አልቻልኩም። በየጠዋቱ አጠገቤ ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ መልሱን አስቀድሞ እያወቀ፣ «ዛሬስ አሸነፍሽ አክስቴ?» ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ደብተሩን አሳየው ነበር።